ድርቅ ድንበር አያውቅም፤ ረሃብ ግን ያውቃል

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ነው። ዝናብን የሚያወርድና የሚይዝ፣ ሥልጣንን ለሚሻው ሰጥቶ ከሚሻው የሚነጥቅ፣ በቂያማ ቀን ባለሥልጣኑንም ምስኪኑንም ጎን ለጎን አቁሞ የሚጠይቅ ጌታ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሶሓቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን። አማ በዕድ፦

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች! ራሴንም እናንተንም በተቅዋ አደራ እላለሁ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ አንዳንዶቻችን «ይህ የፖለቲካ ነገር ነው፤ ሚንበር ላይ ምን ያደርጋል?» የምንለው ነው። እኔ ግን የእህል፣ የክትባትና የንጹሕ ውሃ ጉዳይ ከዲናችን ውጭ የሆነበትን ዘመን አላውቅም። አላህ በሱረቱል ቁረይሽ ቁረይሾችን ወደ አምልኮው ሲጠራቸው ያስታወሳቸው ሁለት ጸጋዎችን ነው፤ ከረሃብ መመገባቸውንና ከፍርሃት መዳናቸውን። የአንድ አገር አስተዳደር ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚታወቀውም በእነዚሁ በሁለቱ ነው።

ሱረቱ ዩሱፍን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ቀሚሱ፣ ስለ እስር ቤቱ ብዙ ተነግሮናል፤ ስለ እህሉ ግን ጥቂት ነው የተነገረን። ሰባት የጥጋብ ዓመታት መጥተው ሰባት የችጋር ዓመታት ሊከተሏቸው ነው። ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ከእስር ወጥተው ንጉሡ ፊት ሲቀርቡ የጠየቁት ካሳ አልነበረም፤ የምድሪቱ ግምጃ ቤቶች ኀላፊ ሆነው እንዲሾሙ ነው የጠየቁት። ለዚህም ያቀረቡት ምክንያት ታማኝ ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውን ነው። የዘር ሐረጋቸውን አልቆጠሩም፤ የአባታቸውን ነቢይነት እንኳ አላነሱም። ከዚያ እህሉን ከነዛላው አስቀመጡ፤ በጥጋቡ ዘመን ሕዝቡ የሚበላውን በልክ አደረጉ።

ድርቁ ግን ግብጽ ላይ ብቻ አልቆመም፤ ከነዓንም ደረሰ። የያዕቆብ (ዐ.ሰ) ልጆች እህል ፍለጋ ግመል ጭነው ወደ ግብጽ ወረዱ። ይህን በጥሞና እንየው። ሰማዩ በሁለቱም አገር ላይ ተዘግቷል። በከነዓን ነቢዩ ያዕቆብ አሉ፤ ዱዓቸው የሚሰማ፣ ሰብራቸው ምሳሌ የሆነ ነቢይ። እህሉ የተገኘው ግን ጎተራው በታማኝና በዐዋቂ ሰው እጅ በወደቀበት አገር ነው። አላህ የፈጠረውን ሥርዓት ለማንም አያዛባም፤ ለነቢይ ቤተሰብ እንኳ።

እዚህ ቶሮንቶ፣ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ በየጁሙዓው ትከሻ ለትከሻ ገጥመን የምንቆም ሰዎች አገሮቻችንም ጎረቤታሞች ናቸው። ከወሎ የመጣ አለ፣ ከሐረር፣ ከጅማ፣ ከከረን፣ ከሀርጌሳ፣ ከዋጅር፣ ከካርቱም የመጣ አለ። አንዱ አገር ሲደርቅ ሌላውም አብሮ ይደርቃል። ሲደርቅ የሚሆነው ግን በሁሉም ዘንድ አንድ አይደለም፤ እኔን ሲያስጨንቀኝ የኖረው ይህ ልዩነት ነው።

የሰባ ሰባቱን ድርቅ በዓይናችሁ ያያችሁ አባቶች እዚህ አላችሁ። እንደ ፈረንጆቹ 1984 ነበር። በዚያው ዓመት ኬንያም ላይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው ዝናብ ቀረ። በቆሎው ደረቀ፤ ከብቱ አለቀ። የናይሮቢ መንግሥት የአንድ ፓርቲ መንግሥት ነበር፤ ዴሞክራሲ አልነበረም። ነገር ግን ችግሩን አልደበቀም። ጎተራው ባዶ ከመሆኑ በፊት በራሱ ገንዘብ ከውጭ በቆሎ ገዝቶ በመርከብ አስገባ፤ ከሚለገሰው ይልቅ የሚገዛው ይበልጥ ነበር። እህሉንም በተለመደው የገበያ መሥመርና በየአካባቢው አስተዳዳሪዎች በኩል አዳረሰው። ዣን ድሬዝና አማርትያ ሴን የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት መጽሐፍ ይህን በዝርዝር መርምረውታል። ኬንያ ውስጥ ሰው ተቸግሯል፤ በሰሜን ኢትዮጵያ፣ ኮረም ላይ የታየው እልቂት ግን አልታየም።

ኮረም ላይ የታየውን ደግሞ ታውቃላችሁ። የዕርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. አደጋው እየመጣ መሆኑን አስታውቆ ነበር። ከደርግ ዘንድ ግን ሰሚ አልነበረም። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ ለማክበር በባንዲራና በመፈክር አሸብርቃ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ባለው መንገድ ዳር ሰው ይወድቅ ነበር። በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይወጡ ተከለከሉ። ዓለም ያወቀው በጥቅምት ወር፣ የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም የላከው ፊልም ከታየ በኋላ ነው። በአማፅያን እጅ ወዳሉት ወረዳዎች ደግሞ እህል እንዳይገባ መንገዱ ተዘጋ። ድርቁ የአላህ ፈተና ነበር። መንገዱን የዘጋው ግን ሰው ነው፤ የሚጠየቀውም ሰው ነው።

ኬንያን ላወድስ አልተነሣሁም። በዚያው በ1984 በየካቲት ወር፣ ከዋጅር ብዙ በማይርቀው የዋጋላ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የኬንያ ጦር የደጎዲያ ሶማሌ ወንዶችን ሰብስቦ ለቀናት በፀሐይ፣ ያለ ውሃ አስቀምጦ ጨፈጨፋቸው። የሟቾቹ ቁጥር ዛሬም ያከራክራል። ለማዕከላዊው ገበሬ በቆሎ ያመጣው መንግሥትና ለሰሜኑ ሙስሊም አርብቶ አደር ጥይት የላከው መንግሥት አንድ ነበሩ። አንድ መንግሥት ለሚቀርበው ሕዝብ ደግ፣ ለሚርቀው ሕዝብ ጨካኝ ሲሆን ዓድል አለው አይባልም። ዓድል የሚፈተነው በዳር አገሩ ሰው ላይ ነው።

ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ የነበረውን የወሎን ረሃብም በዚህ ዓይን ልናየው ይገባል። አማርትያ ሴን በኋላ እንዳጠናው፣ በ1966 ዓ.ም. አካባቢ በአገሪቱ የነበረው አጠቃላይ እህል ያን ያህል አልጎደለም ነበር። እንዲያውም ከወሎ፣ በደሴ በኩል፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር። ማሳው የደረቀበት ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው እህሉ በፊቱ አልፎ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። የአፋር ወንድሞቻችን ደግሞ ለክፉ ቀን የሚሸሹበት የአዋሽ ዳር ግጦሽ አስቀድሞ ለጥጥ እርሻ ተወስዶባቸው ነበርና ከማንም በላይ ተጎዱ። መሬቱ ሲወሰድ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ሲያልቁም ማንም አልቆጠራቸውም።

ሌላው ምስክር ከዚህ ጀማዓ ውስጥ ብዙ ቤት ያንኳኳው እ.ኤ.አ. የ2011 የሶማሊያ ረሃብ ነው። በዚያ ዓመት ድርቁ ደቡብና ምሥራቅ ኢትዮጵያን፣ ሰሜን ኬንያን፣ ሶማሊያን በአንድነት መታ። የተባበሩት መንግሥታት ረሃብ መግባቱን ያወጀው ግን በደቡብ ሶማሊያ ብቻ ነው። በኋላ በተደረገው ጥናት ወደ 258,000 የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ፤ ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ። ከድንበሩ ወዲህ ያለውም ከድንበሩ ወዲያ ያለውም ሶማሌ ነው፤ ቋንቋውም ዲኑም አንድ ነው። ልዩነቱ ከወዲያ በኩል የሚጠየቅ መንግሥት አለመኖሩና ያን ምድር የያዘው፣ ራሱን የዲን ጠበቃ ያደረገው ታጣቂ ቡድን የዕርዳታ ድርጅቶችን ማባረሩ ነው። በአላህ ስም ከሕፃን አፍ እህል መከልከልን የሚያህል ዙልም ከየት ይመጣል? ይህን በግልጽ ማውገዝ ያለብን እኛ ነን፤ ሌላው ሰው እስኪያወግዝልን ድረስ መጠበቅ አይገባንም።

ሶማሌ ራሱን ማስተዳደር አይችልም የሚል ካለ ደግሞ ቦረማን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1993 የሶማሊላንድ የጎሳ ሽማግሌዎች ቦረማ ላይ ለወራት ተቀምጠው፣ ደም አድርቀው፣ የአስተዳደር ውል ተዋዋሉ። የውጭ መንግሥት ዕውቅና ሳይሰጣቸው፣ ትልቅ ብድር ሳያገኙ። ወይዘሮ ኤድና አዳን በ2002 ሀርጌሳ ላይ የወላድ ሆስፒታል ከፍተው አዋላጆችን ማሠልጠን የቻሉት ሹራ ባመጣው በዚያ ሰላም ውስጥ ነው።

ማሕቡብ ኡል ሐቅ የተባለው ፓኪስታናዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1990 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የመጀመሪያውን የሰብአዊ ልማት ሪፖርት ሲያወጣ፣ አገር በገንዘቧ ብቻ አትለካ አለ። ሰዉ ስንት ዓመት ይኖራል፣ ምን ያህል ተምሯል፣ ቤተሰቡ በምን ገቢ ያድራል ተብሎ ይጠየቅ አለ። መለኪያው ከዜሮ እስከ አንድ ነው። በቅርብ ዓመታት ኬንያ ከ0.6 ከፍ ስትል ኢትዮጵያ 0.5 አልሞላችም፤ ሶማሊያና ደቡብ ሱዳን የዓለም ግርጌ ላይ ናቸው። ደቡብ ሱዳን በዚያ አካባቢ ሌላው የሚመኘው ነዳጅ አላት። በሐምሌ 2011 ነጻ ወጣች፤ በታኅሣሥ 2013 መሪዎቿ ተጣልተው ሕዝባቸውን ወደ እሳት ማገዱት። ነዳጁ ለአንዲት ወላድ አዋላጅ ሆኖ አልደረሰም።

የእኛን መልካም ሥራም መናገር ይገባል፤ እውነትን መደበቅ አማናን ማጉደል ነውና። እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያ ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። ይህን ያመጣው አንድ ትልቅ ሆስፒታል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ ከዚያው መንደር የወጡ፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው በጤና ኬላ ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡ፣ ከ30,000 በላይ ወጣት ሴቶች። የክትባቱን የበረዶ ሣጥን በትከሻዋ አንግታ፣ ወንዝ ተሻግራ፣ ከደጅ ደጅ እየዞረች ማን እንዳረገዘች፣ የማን ልጅ እንዳልተከተበ በመዝገብ የምትጽፍ ልጅ አስቡ። ደመወዟ ትንሽ ነው፤ ስሟን የሚያነሣ የለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ተጨምሮበት፣ በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተረጂ ሲሆን የሰባ ሰባቱ ዓይነት እልቂት አልደረሰም። ያው ሰማይ ነው፣ ያው ሕዝብ ነው፤ የተለወጠው አያያዙ ነው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ያ ሁሉ ጤና ኬላ ተዘረፈ፣ መዝገቡ ተቃጠለ። ታሪካዊው የነጃሺ መስጂድ ሳይቀር ተመታ። የትግራዩን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀጣጠለው ውጊያ ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። ሃያ ዓመት የተሠራው በሁለት ዓመት እንደሚፈርስ በገዛ አገራችን አየን።

ስርቆቱም አለ። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ የሚሰጡትን የምግብ ዕርዳታ በመላ አገሪቱ አቆሙ። ምክንያቱም ለተራበው የመጣው ስንዴ በተቀናጀ መንገድ እየተዘረፈ ገበያ ላይ ይሸጥ እንደነበር ስለ ተደረሰበት ነው። የሰረቀው በላ፤ ለወራት የተቀጣው ግን ተረጂው ነው።

ይህን ጉዳይ ሚንበር ላይ ያወጡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ናቸው። ከአዝድ ጎሳ የሆነ ኢብኑል ሉትቢያ የሚባል ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ልከውት ሲመለስ ንብረቱን ለሁለት ከፈለ፤ ይህኛው የእናንተ፣ ያኛው ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዝም ብለው አላለፉትም፤ ለብቻው ጠርተው በመገሠጽም አልተወሰኑም። ሚንበር ላይ ወጥተው፣ ይህ ሰው በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ጀማዓው እንዲያስብ አደረጉ፤ ከሕዝብ ንብረት አንዳች የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ያንኑ በአንገቱ ተሸክሞ እንደሚመጣም አስጠነቀቁ። ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ጉቦ ሚንበር ላይ የተነሣው ገና በመጀመሪያው ትውልድ ነው፤ እኛ ለምን እናፍር?

ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁን ደግሞ በልባችሁ ያዙልኝ። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ዝናብ ከሒጃዝ ጠፋ፤ ምድሩ አመድ መሰለ፤ ዘመኑም ዓመተ ረማዳ ተባለ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤና ሥጋ ላይቀምሱ ማሉ፤ ዘይት ብቻ እየበሉ ቆዳቸው ጠቆረ። ይህን ሁላችንም ሰምተናል። ብዙ የማይነገረው ሥራቸው ነው። ለሶሪያው አቡ ዑበይዳና ለሌሎች ሹማምንት ደብዳቤ ጻፉ፤ ከጎረቤት አውራጃዎች እህል በግመል ተጫነ። መዲና ዙሪያ የሰፈሩትን ዘላኖች የሚከታተሉ ሰዎች በየአቅጣጫው መደቡ፤ ማታ ማታ ሪፖርት ይሰሙ ነበር። ማዕዱ ላይ የሚበሉትን አስቆጠሩ። ይህም አልበቃቸውም፤ መምጣት ያልቻሉትን፣ በየድንኳኑ የቀሩትን ሕሙማን፣ ሴቶችና ሕፃናት አስቆጥረው ድርሻቸው ያሉበት ድረስ እንዲሄድላቸው አደረጉ። በዚያ ዓመት በረሃብ የሰረቀ ሰው እጁ እንዳይቆረጥ አደረጉ። ያለቀሰ መሪ ብዙ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) አልቅሰዋልም፣ ቆጥረዋልም። ደርግ የቁጥሩን መታወቅ ፈራ፤ ዑመር ቁጥሩን በየማታው ጠየቁ። ሕዝብ የሚድነውና የሚያልቀው በዚህ ነው።

ይህን ብዬ ለራሴም፣ ለእናንተም፣ ለመላው ሙስሊም አላህን ምሕረት እጠይቃለሁ፤ እናንተም ጠይቁት፤ እርሱ መሓሪ አዛኝ ነው።

*

ምስጋና ለአላህ፤ ሶላትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይሁን።

ወንድሞችና እህቶች! ከበደል አገር ወደ ፍትሕ አገር መሰደድ በእኛ አልተጀመረም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በመካ የተሠቃዩ ሶሓቦቻቸውን ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ እንዲሄዱ ሲመክሯቸው፣ በዚያ ያለው ንጉሥ ዘንድ ማንም እንደማይበደል ነግረዋቸዋል። ዑሙ ሰለማ (ረ.ዐ) በዓይናቸው ያዩትን ተርከውልናል። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ጓደኛውን ቆዳ አስይዘው ላኩ፤ ስጦታውን በመጀመሪያ ለቤተ መንግሥቱ ቀሳውስትና ሹማምንት አከፋፈሉ። ሹማምንቱ ተቀበሉ፤ ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ይመለሱ ብለውም ለንጉሡ መከሩ። ነጃሺ ግን የተከሰሱትን ሳልሰማ አልሰጥም ብሎ አስጠራቸው፤ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ ተናገሩ፤ ከዚያ በኋላ የቀረበለትን ስጦታ አስመለሰ። ጉቦ የበሉ ሹማምንት በየቤተ መንግሥቱ አሉ። የዚያ አገር ዕድል ከላይ ያለው ሰው የሁለቱንም ወገን ቃል ሳይሰማ አለመፍረዱ ነበር።

እኛም ዛሬ የምንኖረው የተሻለ መጠየቂያ ባለበት አገር ነው፤ ፍጹም ባልሆነ አገር ውስጥ። ለውዱእ የምንከፍተው ቧንቧ ውሃው ከኦንታሪዮ ሐይቅ ተስቦ፣ ተጣርቶ፣ ተመርምሮ የሚመጣ ነው። ይህ በዋዛ አልተገኘም። በሜይ 2000 ከዚህ በመኪና ጥቂት ሰዓት በምትርቀው በዋከርተን ከተማ የቧንቧው ውሃ ተበክሎ ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,000 በላይ ታመሙ። የውሃው ሠራተኞች ያልለኩትን ክሎሪን ለክተናል ብለው መዝገብ ላይ ይጽፉ ነበር፤ የኦንታሪዮ መንግሥትም የቁጥጥሩን በጀት ቀንሶ፣ የመንግሥት ላቦራቶሪዎችን ዘግቶ ነበር። ከዚያ የሆነው ነው ልዩነቱ። ዳኛ ዴኒስ ኦኮነር የሚመሩት መርማሪ ጉባኤ ተቋቋመ፤ የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ማይክ ሃሪስ በ2001 ራሳቸው ቀርበው በሕዝብ ፊት ተጠየቁ፤ በ2002 የመጠጥ ውሃ ሕግ ወጣ። በዚሁ ክፍለ ሀገር ግን፣ በሰሜን የምትገኘው የኔስካንታጋ የነባር ሕዝብ መንደር ከ1995 ጀምሮ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ውሃ አፍልታ ጠጪ ሆና ኖራለች። የዳር አገር ሰው የሚረሳው እዚህም ነው። ስለ ዋጋላ ያዘነ ልብ ስለ ኔስካንታጋ ዝም ሊል አይገባውም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በየወሩ የምንልከው ገንዘብ ብዙ ቤት አቁሟል፤ አላህ ይቀበለን። ነገር ግን አንድ ልጅ ለእናቱ የስኳር መድኃኒት መግዣ ሊልክ ይችላል፤ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው መንገድ በተኩስ ሲዘጋ ሊከፍተው አይችልም። የትምህርት ቤት ክፍያ ይልካል፤ ተማሪ ቤቱ ካምፕ ሲሆን አስተማሪ ሊልክ አይችልም። ዘካችንና ሐዋላችን የአስተዳደርን ቦታ አይተኩም። ስለዚህ ከገንዘቡ ጋር የምንልከው ቃልም አለና እርሱን እንመርምር።

የምንልከው ቃል ምንድን ነው? ከሌላ ብሔር የሆነ ሹም ሲሰርቅ ሌባ እንለዋለን፤ ከእኛ ብሔር የሆነው ሲሰርቅ ጠላት ስሙን አጠፋው እንላለን። የሌላው ታጣቂ መንገድ ሲዘጋ ሽብር ነው፤ የእኛው ሲዘጋ ትግል ነው። በስልካችን ሌሊቱን ሙሉ የምናራግበው እሳት የሚያቃጥለው እዚህ የሚያድጉትን ልጆቻችንን አይደለም፤ እዚያ ያለችውን የክትባት ሣጥን ተሸካሚ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዳይም ቢሆን ተበዳይ ወንድማችንን እንድንረዳው ሲያዙ ሶሓቦች ስለ በዳዩ ጠየቁ፤ ረድኤቱ ከበደሉ መግታት እንደሆነ አስተማሩን። የብሔሬን ሹም ልረዳው የምፈልግ ከሆነ የዘረፈውን ስንዴ ከእጁ ማስጣል ነው የእኔ ረድኤት። ይህን የሚያደርግ ሰው በገዛ ዘመዱ ዘንድ ከዳተኛ ይባላል። ይባል። አላህ ዘንድ ያለው ስሙ ሌላ ነው።

መጠየቅንም ከትንሹ እንለማመድ። ዕድራችን፣ ማኅበራችን፣ የሶላት ቦታችን ኮሚቴ አላቸው፤ ገንዘብ ይሰበስባሉ። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ የሚመጣው ስንት ሰው ነው? ሂሳብ የጠየቀውን ወንድም በክፉ ዓይን የምናየው ለምንድን ነው? በካናዳ ሕግ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት በየዓመቱ ሂሳቡን ለአገሪቱ የገቢ መሥሪያ ቤት ያስገባል፤ ማንም ሰው በኢንተርኔት ገብቶ ሊያየው ይችላል። ለመሆኑ ከመካከላችን አይቶት የሚያውቅ አለ? ኢማሙም፣ ሰብሳቢውም፣ ገንዘብ ያዡም ይጠየቁ፤ ከእኔ ይጀመር። ዜግነት ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ በ2022ቱ የቶሮንቶ ከተማ ምርጫ መምረጥ ከሚችሉት ከሦስቱ አንዱ እንኳ አልወጣም። ስለ ምርጫ ሰው የታሰረበት፣ ሰው የሞተበት አገር ልጆች ሆነን፣ መንገድ ተሻግረን ድምፅ መስጠት ከከበደን እዚያ ያለውን ሹም ምን ብለን እንወቅሳለን? ስለ ሰፈራችን የቤት ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤቶቻችን፣ ስለ ኔስካንታጋ ውሃ የሚወስኑት የሚመረጡ ሰዎች ናቸው።

የዚህ የሶላት ቦታ የዓመቱ ገቢና ወጪ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከሶላት በኋላ አንሡት፣ አንብቡት። ያልገባችሁ ቁጥር ካለ ጠይቁ፤ የተጠየቀው ሰው ሳይቆጣ ይመልሳል።

አላህ ሆይ! በኢትዮጵያ፣ በኤርትራ፣ በሶማሊያ፣ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን፣ በኬንያና በጅቡቲ ላሉ ሕዝቦች ዝናቡን በጊዜው አውርድላቸው። ታማኝና ዐዋቂ የሆነውን ሹምላቸው፤ ከዳተኛውን ከግምጃ ቤታቸው አርቅላቸው። በጦርነት የተዘጉትን መንገዶች ክፈት። ልጆቹን ወደ ተማሪ ቤት መልስ። የክትባት ሣጥኗን ተሸክማ ብቻዋን የምትሄደውን ልጅ ጠብቃት። ያልተቆጠሩትን አንተ ቆጥረሃቸዋልና እዘንላቸው። የተሾምን ሁሉ፣ በቤትም በኮሚቴም በመሥሪያ ቤትም፣ ሂሳባችንን በዚህ ዓለም የምንሰጥ አድርገን። አሚን።

ሶፋችሁን አስተካክሉ፤ ሶላት ይቁም።